በብርድ ወቅት የመኪና ኤሲ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

ማለዳ_ተጓዥ (ጥያቄውን የከፈተችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፤ እኛ ቤት ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አከራክሮናል። ብርዱና ዝናቡ ከገባ ወዲህ ጠዋት ልጆቼን ጭኜ ስወጣ የመኪናው መስታወት በሙሉ ይላባል። የፊቱ፣ የጎኑ፣ የኋላው፣ አንዱም አይቀርም። ባለቤቴ «ኤሲ የተሠራው ለሙቀት ነው፤ በዚህ ብርድ መክፈት ነዳጅ ማቃጠልና ኮምፕረሰሩን (የኤሲውን ጋዝ የሚገፋውን ፓምፕ) በከንቱ ማድከም ነው» ይላል። ስለዚህ ሂተሩን ብቻ ከፍተን በጨርቅ እየጠረግን ነው የምንሄደው።

ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ስለነበርኩ እስቲ ልሞክረው ብዬ ኤሲውን ከፈትኩት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መስታወቱ ጠራ። ደስ ብሎኝ፣ ነዳጅም እንዳላባክን ብዬ ወዲያው አጠፋሁት። ትንሽ እንደሄድኩ መታጠፊያው ላይ ስደርስ የፊት መስታወቱ ባንዴ ነጭ ሆነ። ቀስ እያለ የመጣ አይደለም፤ መጋረጃ የወረደ ነው የሚመስለው። በእጅጌዬ ጠረግ አድርጌ በቀዳዳዋ ሳይ አንድ ብስክሌተኛ ከፊቴ ነበር። ፍሬን ይዤ ቆምኩ። እሱ ምንም አልሆነም፤ እንዳየሁት እንኳ ያወቀ አይመስለኝም። የኔ እጅ ግን ቤት እስክገባ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ማወቅ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በብርድ ኤሲ መክፈት መኪናውን ይጎዳል ወይ? ሁለተኛ፣ ያን ቀን መስታወቱ ከበፊቱ ብሶ ባንዴ የተሸፈነው ለምንድን ነው?

ቆጣቢው

እንኳን ተረፍሽ። በነገሩ ግን ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። ኮምፕረሰር የሚዞረው በሞተሩ ጉልበት ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ ከነዳጅ ነው የሚመጣው። እኔ ብርድ ሲገባ የኤሲውን ቁልፍ አልነካም። መስኮቱን በጣት ስፋት ዝቅ አደርጋለሁ፤ ላቡ ይጠፋል። ስምንት ዓመት እንዲሁ ነው የነዳሁት።

የጋራዥ_ሰው

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እሱ ከተመለሰ አንደኛው ራሱን ይመልሳል።

ኤሲ ስትከፍቺ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ኢቫፖሬተር ይቀዘቅዛል። መልኩ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች አሉት። እርጥብ አየር በክንፎቹ መሀል ሲያልፍ ውሃው እዚያው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ወደ ታች ይንጠባጠብና በቱቦ መኪናው ሥር ይወርዳል። ከቀዝቃዛ ውሃ ብርጭቆ ውጭ የሚታየው ላብ ማለት ነው። ወደ አንቺ የሚመጣው አየር ውሃውን ጥሎ ነው የሚመጣው። መስታወቱ በሁለት ደቂቃ የጠራልሽ በዚህ ነው።

አሁን ኤሲውን አጠፋሽው እንበል። ኢቫፖሬተሩ ሙሉ በሙሉ እርጥብ ነው፣ ውሃው ገና ተንጠባጥቦ አላለቀም። ቅዝቃዜው ሲለቀው ነፋሻው ያን ውሃ በሙሉ አንስቶ በቀጥታ የፊት መስታወቱ ላይ ይረጨዋል። አንቺ ያየሽው መጋረጃ ይኸው ነው። በኔ ግምት ከሁሉም አደገኛው እየከፈቱ መዝጋቱ ነው። ከከፈትሽ አትዝጊው፤ መድረሻሽ እስኪቀርብ ተይው። ከተከፈተ በኋላ ማጥፋት ግድ ከሆነ ደግሞ ቆመሽ አጥፊው፣ ወይም የአየሩን አቅጣጫ ከመስታወት ወደ እግር አዙሪው።

አሁን ወደ አንደኛው። ብዙ ሰው «ኤሲ ከከፈትኩ ቀዝቃዛ አየር ይመጣብኛል» ብሎ ያስባል። አየሩ መጀመሪያ ኢቫፖሬተሩን ነው የሚያገኘው፣ ቀጥሎ ደግሞ በሞተሩ ሙቅ ውሃ የሚሞቀውን ሂተር። ስለዚህ የሙቀቱን መዘውር ወደ ቀይ አዙረሽ ኤሲውንም ከከፈትሽ፣ አየሩ መጀመሪያ ይደርቃል፣ ከዚያ ይሞቃል፣ ወደ አንቺ የሚመጣው ደረቅና ሙቅ ሆኖ ነው። ሁለቱ አይጣሉም።

በቁጥር ልንገርሽ። በ20 ዲግሪ ያለ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውሃ መሸከም ይችላል። በ5 ዲግሪ ግን ከ7 ግራም በላይ አይችልም። ኢቫፖሬተሩ ላይ ወደ 5 ዲግሪ አካባቢ የወረደ አየር የቀረውን ውሃ ጥሎ፣ 7 ግራሙን ብቻ ይዞ ይወጣል። ያንኑ አየር ሂተሩ ወደ 20 ዲግሪ ሲያሞቀው፣ ከሚችለው ከግማሽ በታች ነው የያዘው። የተጠማ አየር ሆነ። መስታወቱ ላይ ያለውን ውሃ የሚመጠው እሱ ነው። ሂተር ብቻውን አየሩን ያሞቀዋል እንጂ ውሃውን አያወጣለትም።

ጉዳት ላልሽው፣ የሚጎዳው ወራት ሙሉ ሳይከፈት መቆሙ ነው። የኮምፕረሰሩ ዘይት ለብቻው የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ ከማቀዝቀዣው ጋዝ ጋር ነው የሚዞረው። የኮምፕረሰሩ ዘንግ የሚወጣበት ቦታ ላይ ጎማ ሲል (ማሸጊያ) አለ፤ ሲሉን የሚያርሰው ያ ዘይት ነው። ኤሲው ሳይነሳ ሲከርም ሲሉ ይደርቃል፣ ጋዙም ቀስ እያለ ያልቃል። ሙቀት ሲመለስ «አምና በደንብ ይሠራ ነበር፣ ዘንድሮ አልቀዘቅዝ አለኝ» የሚለው ደንበኛ ብዛቱ ለዚህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ቢከፈት በቂ ነው።

ቆጣቢው

ጋሼ፣ ስለ ሲሉ ያሉት ማግኔት ክላች (ኮምፕረሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኝና የሚለይ) ላለው ኮምፕረሰር ልክ ነው። የኔ መኪና ግን አዲስ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ክላች የለውም። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ዘንጉም ይዞራል፤ ኤሲው ሲጠፋ የሚቀንሰው የሚገፋው የጋዝ መጠን ነው። ዘይቱ ውስጡን ያርሳል። ስለዚህ «ካልከፈትክ ይደርቃል» የሚለው እኔን አይመለከተኝም። ደግሞ ስለ ነዳጁ ምንም አላሉም።

የጋራዥ_ሰው

ልክ ነህ ወንድሜ፤ መለየት ነበረብኝ። ክላች የሌለው ኮምፕረሰር ዘንጉ ሁልጊዜ ስለሚዞር አደጋው ያነሰ ነው። ቢሆንም ያ ትንሽ ዙር ውስጡን ነው የሚያርሰው። ጋዙና ዘይቱ እስከ ኮንደንሰሩ (ጋዙ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚጥልበት ራዲያተር) እና እስከ ቱቦው መጋጠሚያ ድረስ በደንብ እንዲዞሩ አልፎ አልፎ መክፈቱን ያንተም መኪና አይጠላውም። ቁልፉን ስትጫን ከሞተሩ በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ያ ማግኔት ክላች ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ መኪና ያለው ሰው ከላይ ያልኩትን አጥብቆ ይያዝ።

ነዳጁን በተመለከተ፣ ይጨምራል። አይጨምርም ያለህን ሰው አትመነው። ግን በሐሩር ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ማቀዝቀዝና በ10 ዲግሪ ዝናብ ውስጥ አየር ማድረቅ እኩል ሥራ አይደሉም። በብርድ ኢቫፖሬተሩ ከአየሩ የሚያወጣው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ ቶሎ ቶሎ ያርፋል፤ ክላች የሌለው ደግሞ ግፊቱን ይቀንሳል። መስኮት ዝቅ አድርጎ መንዳትም ቢሆን ያሞቅኸውን አየር ሜዳ ላይ መበተን ነው፤ ዝናብ ሲመታ ደግሞ በር ውስጥ ላሉት የመስኮት ሞተሮች ጥሩ አይደለም።

በረዶ_አካፋዩ

እኔ ያለሁበት ክረምቱ ወራት ሙሉ ከዜሮ በታች ነው። ለሌሎች እንዲጠቅም የታዘብኩትን ልጻፍ። እንዲህ ባለው ብርድ የኤሲውን ቁልፍ ስትጫኑ መብራቱ ይበራል፤ ኮምፕረሰሩ ግን ላይነሳ ይችላል። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ የክላቹ ፊት ቆሞ ቺንጋው ብቻ ይዞራል። መጀመሪያ ጋዙ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሲገባኝ ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። አብዛኛው መኪና የውጭው ሙቀት ወደ ዜሮ ሲጠጋ ኮምፕረሰሩን ያግደዋል፣ ምክንያቱም ኢቫፖሬተሩ ላይ የተያዘው ውሃ በረዶ ሆኖ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። የጋዙ ግፊትም በብርድ ስለሚወርድ የግፊት ማብሪያው ራሱ ይቆርጠዋል። ስለዚህ መኪናው ላይ ችግር አለ ብላችሁ ጋራዥ ለጋራዥ አትንከራተቱ።

ደግሞ በእንዲህ ያለ ብርድ ብዙም አያስፈልግም። ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ አየር ጠግቦ እንኳ ከ5 ግራም ያነሰ ውሃ ነው የሚይዘው። ከውጭ እያስገባችሁ ብታሞቁት ያለ ኤሲም ደረቅ ነው። ኤሲ በእውነት የሚያስፈልገው በመሀሉ ነው፤ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ፣ ዝናብና ጭጋግ፣ እርጥብ ልብስ የለበሱ ሰዎች መኪና ውስጥ ሲሞሉ። የእህታችን ችግር እሱ ይመስለኛል።

ሲሉን ለማርጠብ ብሎ ጋራዡን ዘግቶ መኪና አስነስቶ ማሞቅ የሚያስብ ሰው ካለ፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት። የጭስ መርዝ ሽታ የለውም፤ ሰው ይገድላል። ብርዱ ለቀቅ የሚያደርግበትን ቀን ጠብቁ።

ማለዳ_ተጓዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጋራዥ ሰው፣ ያ መጋረጃ ከየት እንደመጣ ሳነብ ዓይኔን ጨፍኜ መታጠፊያዋን እንደገና አየኋት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብዬ ያጠፋሁት ኤሲ ነው እንዲያ ያደረገኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ትናንት እንዳላችሁት ኤሲና ሂተር አንድ ላይ ከፍቼ ወጣሁ። ጠራ፣ ግን እንደጠበቅኩት አይደለም፤ የጎን መስታወቶቹ እስከ ግማሽ መንገድ ላብ ነበራቸው። ሁለት ልጆች ከኋላ ነበሩ።

ባለ_ፒካፑ

አንድ ቁልፍ እዪ። መኪና ተስሎበት ውስጡ የሚዞር ቀስት ያለው። እሱ በርቶ ከሆነ የውጭውን አየር ዘግቶ የናንተኑ ትንፋሽ ነው የሚያዞርላችሁ።

የጋራዥ_ሰው

ባለ ፒካፑ በአንድ መስመር ጨርሶታል። እኔም እሱን ሳልጠይቅሽ ወደ ኮምፕረሰር መሮጤ ጥፋት ነው። ብዙ ሰው በሙቀት ጊዜ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ያንን ቁልፍ ይጫነዋል፤ እዚያው ይረሳል። ወደ ውጭ አየር መልሺው።

ሌላ ደግሞ ምንጣፎቹን አንሺና ሥራቸውን በእጅሽ ዳሺ። ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ሙቀት ባገኘ ቁጥር መልሶ ይተፋዋል፤ ኤሲው ቀኑን ሙሉ እሱን ሲያደርቅ ይውላል። የእርጥበቱ ምንጭ ጃንጥላና ጫማ ከሆነ አውጥቶ ማድረቅ ነው። ዝናብ ሳይኖርም ፊት ለፊት ካለው ተሳፋሪ እግር ሥር የሚረጥብ ከሆነ ግን የኢቫፖሬተሩ ውሃ መውረጃ ቱቦ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ውሃው መኪና ሥር መውረዱን ትቶ ወደ ውስጥ ይፈሳል።

የመስታወቱን የውስጥ ፊትም በደንብ እጠቢው። ፕላስቲኩ ፀሐይ ሲመታው የሚለቀው ነገርና የእጅ ቅባት መስታወቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ጤዛ ያን ይወዳል። በንጹሕ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ጥረጊው፤ ሁለተኛው ጨርቅ ላይ የሚወጣውን ጥቁር ነገር ስታዪ ይገባሻል።

አንድ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። ላቡ ሲጠረግ የሚያሙለጨልጭ ቅባት ከሆነ፣ ጣፋጭ ሽታም ካለው፣ የራዲያተሩም ውሃ እየጎደለ ከሆነ፣ ያ ተራ እርጥበት አይደለም። የሂተሩ ራዲያተር ቀዳዳ አለው ማለት ነው። ያንን ኤሲ አያድነውም፤ ሞተሩ ሳይግል በፊት ጋራዥ ውሰጂው።

ሽታው_ያማረረኝ

ይቅርታ በመሀል ልግባ። የኔ ኤሲ በብርድ ስከፍተው የቆየ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል፤ ልጄ ደግሞ አስም አለባት። ለዚያ ነው የማልከፍተው።

የጋራዥ_ሰው

እህቴ ወይ ወንድሜ፣ ሽታው የሻጋታ ነው። ኢቫፖሬተሩ እርጥብ ሆኖ በጨለማ ሲከርም ይሻግታል፤ አለመክፈቱ አያጠፋውም። መጀመሪያ የኤሲውን ፊልትሮ ቀይር። በብዙ መኪና ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ነው፤ ያለ መፍቻ ይወጣል። አውጥተህ ብርሃን ላይ ያዘው፤ ቅጠልና አቧራ ሞልቶት ብርሃን ካላሳለፈ፣ አየሩም ደካማ የሆነብህ በሱ ነው። ኢቫፖሬተሩንም ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ አሳጥብ። ከዚያ በኋላ ልማድ አድርገው፤ መድረሻህ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ኤሲውን አጥፋ፣ አየሩን ወደ እግር አዙር፣ ነፋሻውን ከፍ አድርገህ ክንፎቹን አድርቃቸው። ወደ እግር ያልኩህ ያ መጋረጃ መስታወትህ ላይ እንዳይወርድ ነው። ለልጅህ ስትል ፊልትሮውን ዛሬ እየው።

ባለ_ባትሪው

የኤሌክትሪክ መኪና ለምትነዱ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የኛ ኮምፕረሰር በቺንጋ አይዞርም፤ ሞተሩ ውስጡ ታሽጎ ነው ያለው። ከውጭ የሚገባ ዘንግ ስለሌለው ሲል ደረቀ የሚባለው አይመለከተንም። ሂት ፓምፕ (ሙቀትን ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያመጣ) ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ የሚያሞቅላችሁም ያው ኮምፕረሰር ነው፤ ብርድ ሲመጣ ይበልጥ ይሠራል እንጂ አያርፍም። ባትሪውን በኃይል የሚበላው አየሩን በኤሌክትሪክ ማሞቁ ነው፤ ስለዚህ መኪናው ቻርጅ ላይ እያለ አስቀድሞ ማሞቅና ማድረቅ ይሻላል። ጋዝና ዘይት የሚሞላላችሁ ሰው ግን ይጠንቀቅ፤ የኛ ኮምፕረሰር ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የራሱ ዘይት አለው። የሌላ መኪና ዘይት ከገባበት ጣጣው ብዙ ነው።

የሐሩር_ዝናብ

እኔ ጋ ብርዱ ብርድ አይባልም፤ ዝናቡ ግን ሞቃትና እርጥብ ነው። ኤሲ ከፍቼ ወደ ፊት መስታወት ባዞርኩ ቁጥር ይብስብኛል። የምትሉት ሁሉ እኔ ላይ ተገልብጧል። ለምን?

በረዶ_አካፋዩ

በጣትህ ከውስጥ ንካው። ጣትህ መስመር ካልሠራ ላቡ ያለው ከውጭ ነው። ኤሲው መስታወቱን አቀዝቅዞት የውጭው እርጥብ አየር ነው ጤዛ የሚጥልበት። ዝናብ መጥረጊያውን አንድ ጊዜ አሠራው፣ ቀዝቃዛውን አየር ከመስታወቱ ላይ አንሳ፣ ሙቀቱን ትንሽ ከፍ አድርግ።

የሐሩር_ዝናብ

ነካሁት። ከውጭ ነው! ይሄን ያህል ጊዜ ከውስጥ ስጠርግ ነበር።

ቆጣቢው

ሁሉንም አነበብኩት። አንድ ነገር ልመልስ፤ መስኮት ዝቅ ማድረጉ ለኔ የሠራልኝ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ስለምነዳ ሳይሆን አይቀርም። ባለፈው ዝናብ ከአራት ሰው ጋር ስወጣ አልሠራም ነበር፤ ያኔ ሰበብ የሰጠሁት ለዝናቡ ነው። ዛሬ ኤሲውን ከሂተር ጋር ከፈትኩት። የፊት መስታወት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ስጫን ደግሞ የኤሲው መብራት በራሱ በራ። ለካ መኪናው ሲያደርገው ኖሯል፤ እኔ ነኝ ተከትዬ የማጠፋው።

የጋራዥ_ሰው

አዎ፣ ብዙ መኪኖች እንደዚያ ናቸው። የመስታወት ማጥሪያውን ስትጫን ኮምፕረሰሩን ራሳቸው ያስነሳሉ፣ የውጭውን አየርም ይከፍታሉ። አንዳንዱ ላይ የኤሲው መብራት ሳይበራ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። መኪናውን የሠሩት ሰዎች መልሱን ቁልፉ ውስጥ አስቀምጠውታል።

ለጋዙ አንድ ነገር ልጨምር፣ ያሮጀ መኪና ላላችሁ። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፊት የተሠሩት አር-12 ነበር የሚጠቀሙት፤ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ያለው አር-134ኤ ነው፣ አዳዲሶቹ ደግሞ አር-1234ዋይኤፍ። አይቀላቀሉም። በኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን ምልክት ሳያይ ጋዝ ልሙላ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ማለዳ_ተጓዥ

የአምስት ቀን ውጤት ይዤ መጣሁ። ያ ቁልፍ በርቶ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። የኋላውን ምንጣፍ ሳነሳ ሥሩ ያለው ስፖንጅ ሲጨመቅ ውሃ ይወርደዋል፤ የልጆቹ ጫማ ነው። ሁለት ቀን አውጥቼ አደረቅኩት። መስታወቱን ባለቤቴ ነው ያጠበው፤ ሁለተኛው ጨርቅ ላይ የወጣውን ራሱ አሳየኝ።

ከዚያ ወዲህ ከቤት ስንወጣ ኤሲውን ከሂተሩ ጋር እከፍተዋለሁ፣ እስክንደርስ አልነካውም። አራቱም መስታወት ጥርት ብሎ ነው የምንሄደው። ትናንት ልጆቹን አውርደን ቆመን ሳለ ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ መኪናው ሥር አየ። ከሞተሩ ኋላ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ዘይት መስሎት ደንግጦ በጣቱ ነካው፣ አሸተተው። ንጹሕ ውሃ ነው። «ይሄ ሁሉ እኛ ውስጥ ነበር?» አለኝ። መታጠፊያዋ ጋ የሆነውን እስከዚያ ቀን አልነገርኩትም ነበር። እዚያው ቆመን ነገርኩት።